መኪናው አንድ፣ መለዋወጫው ሌላ፦ የጭስ ደረጃ ልዩነት ከብት ጫኙን ለምን መንገድ ላይ ያስቀረዋል?

ሲሚንቶ የጫነ መኪና ቢበላሽ ሲሚንቶው ይጠብቃል። ሸራ ይለብሳል፣ ረዳቱ አጠገቡ ያድራል፣ ዕቃው ከከተማ እስኪመጣ ሁለትም ሦስትም ቀን ቢያልፍ ጭነቱ ያው ጭነት ነው። ሰንጋ ወይም ፍየል የጫነ መኪና ግን ከቆመበት ደቂቃ ጀምሮ ባለንብረቱ ይከስራል። ነፋስ የሚገባው መኪናው ሲሄድ ብቻ ነው። ቆሞ ሲውል ውስጡ ይግላል፣ እንስሳው ይጨናነቃል፣ የደከመው ይተኛል፣ የተኛውን ሌላው ይረግጠዋል።

በቦረና ወደ ሞያሌ፣ በጅግጅጋ ወደ ቶጎ ጫሌና በርበራ፣ በሚሌ ወደ ጅቡቲ፣ በኢሲዮሎ ወደ ናይሮቢ በሚወስዱት መንገዶች የሚሠራ ነጋዴ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በቅርብ ዓመታት የባሰው ግን ብልሽቱ ሳይሆን ከብልሽቱ በኋላ የሚመጣው ፍለጋ ነው። መካኒኩ በሽታውን አግኝቷል፣ ገንዘቡም አለ፣ ሱቁም ክፍት ነው። ዕቃው ሲመጣ ግን አይገጥምም፤ ወይም ገጥሞ አይሠራም። «የአይሱዙ ኢንጀክተር» ተብሎ የታዘዘው በእርግጥም የአይሱዙ ነው፤ ነገር ግን ለሌላ የጭስ ደረጃ የተሠራ አይሱዙ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ የነጋዴ ማጭበርበር ብቻ አይደለም። የቀጣናችን አገሮች መኪና የሚያስገቡት ከተለያየ ቦታ፣ በተለያየ የጭስ ልቀት ደረጃና በተለያየ የዕድሜ ገደብ ነው። እንስሳው ግን ድንበር ይሻገራል፤ መኪናውም አብዛኛውን ጊዜ አብሮት ይሄዳል።

ደረጃው ሲቀየር ምን ይቀየራል?

«ዩሮ» የሚባለው ደረጃ የአውሮፓ ኅብረት ለአዲስ ተሽከርካሪዎች ያወጣው የጭስ ልክ ሲሆን ብዙ አገሮች ወስደውታል። በከባድ መኪና ላይ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ልክ በዩሮ 3 ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 5 ግራም ነበር። በዩሮ 4 ወደ 3.5፣ በዩሮ 5 ወደ 2፣ በዩሮ 6 ደግሞ ወደ 0.4 ወረደ። የጥቀርሻው ልክም ከዩሮ 3 ወደ ዩሮ 4 ሲኬድ ከ0.10 ወደ 0.02 ግራም ዝቅ ብሏል። አውሮፓ ዩሮ 4ን እ.ኤ.አ. በ2005፣ ዩሮ 5ን በ2008፣ ዩሮ 6ን በ2013 ለአዳዲስ የከባድ መኪና ሞዴሎች ማስገደድ ጀመረች።

ቁጥሩ ለባለመኪናው ምንም ላይመስለው ይችላል። ፋብሪካው ግን ያንን ቁጥር ለማሟላት ሞተሩን ራሱን ቀይሯል። እስከ ዩሮ 2 ድረስ የነበሩት ናፍታ ሞተሮች በአብዛኛው ሜካኒካል ፓምፕና ተራ ኖዝል ያላቸው ናቸው። ኖዝሉ የሚከፈተው በጥቂት መቶ ባር ግፊት ነው፤ በየከተማው ያለ የፓምፕ ሠራተኛም ፈትቶ ያስተካክለዋል። ከዩሮ 3 በኋላ የተስፋፋው ኮመን ሬይል ግን ናፍታውን በ1600 ባርና ከዚያ በላይ ግፊት ይረጫል። መቼ እና ስንት እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። በብዙዎቹ ሞተሮች ኢንጀክተሩ ላይ የታተመው ኮድ ወደ ኮምፒውተሩ ካልገባ አዲሱ ዕቃ በትክክል አይሠራም።

ደረጃው ከፍ ሲል ደግሞ ጭስ ወደ ሞተር የሚመልስ ቫልቭ ይጨመራል። ከዚያ የጥቀርሻ ማጣሪያ፣ ቀጥሎም የዩሪያ ፈሳሽ የሚረጭ ሥርዓትና የጭስ ሴንሰሮች ይመጣሉ። ፒስተኑ ራሱ የጭንቅላቱ ቅርጽ ይለወጣል። ስለዚህ ብሎኩ አንድ ዓይነት የሆነ ሞተር እንኳ ፒስተኑና ጓርኒሲዮኑ ላይወራረስ ይችላል።

አምስት ኤንፒአር፣ አምስት ሞተር

በገበያችን ዋና ከብት ጫኝ የሆነውን አይሱዙ ኤንፒአር እንውሰድ። ባለመኪናው «ኤንፒአር ነው» ብሎ ዕቃ ቢያዝዝ ገና ምንም አልተናገረም። ኤንፒአር 66 ባለ 4.3 ሊትር 4ኤችኤፍ1 ሞተር ነው። ኤንፒአር 71 ባለ 4.6 ሊትር 4ኤችጂ1 ነው። ኤንፒአር 81 በ4.8 ሊትር 4ኤችኤል1፣ ኤንፒአር 75 በ5.2 ሊትር 4ኤችኬ1፣ ኤንፒአር 85 ደግሞ በ3 ሊትር 4ጄጄ1 ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሜካኒካል ፓምፕ ዘመን ልጆች ናቸው። የኋለኞቹ ሦስቱ ኮመን ሬይል ናቸው።

ከጃፓን ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ሌላ ችግር አለበት። ጃፓን የራሷ የጭስ ደረጃ ስላላት «ዩሮ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ በቀጥታ መልስ የለውም። መልሱ ያለው ከሞዴሉ ስም ፊት በሰሌዳው ላይ በተጻፉት ፊደላት ነው። ኤንፒአር 85 ከፊቱ «ቢኬጂ» ካለው የ2005ቱን፣ «ቲኬጂ» ካለው የ2009ኙን የጃፓን ደረጃ የሚከተል ነው። ሁለቱም ኤንፒአር 85 ናቸው፤ የጭስ ማጣሪያቸውና ሴንሰሮቻቸው ግን አንድ ናቸው ብሎ ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው። በተጨማሪም ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ የለውም፤ አጭር የሻንሲ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ባለ 17 መለያ የሚጠይቅ የዕቃ መፈለጊያ ያንን ቁጥር ሲሰጡት «አላገኘሁም» ይላል።

የቻይና መኪኖችም እንዲሁ ናቸው። ለአፍሪካ በአዲስነት የሚሸጡት ሲኖትራኮች ብዙዎቹ ለውጭ ገበያ ተብለው በዝቅተኛ ደረጃ የተሠሩ ናቸው። ቻይና በራሷ አገር ግን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ለከባድ ናፍታ መኪኖች ስድስተኛውን ብሔራዊ ደረጃ አስገድዳለች፤ ያገለገሉ መኪኖችንም ከ2019 ጀምሮ ወደ ውጭ ትልካለች። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ ወጥተው፣ ውጫቸው አንድ መስሎ፣ አንዱ በሜካኒካል ፓምፕ ሌላው በዩሪያና በሴንሰር የሚሠራ ሁለት መኪና በአንድ ጋራዥ ሊገናኝ ይችላል።

ቀጣናው ለምን አልተስማማም?

ኬንያ ወደ አገር የሚገባ ያገለገለ መኪና ከ8 ዓመት እንዳይበልጥ ገድባለች። ኡጋንዳ በ2018 ባወጣችው ሕግ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ኢትዮጵያ በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያረጀ መኪና ላይ ታክሱን እጅግ ከፍ አደረገች፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለች። በበርበራና በቦሳሶ በኩል የሚገባው መኪና በብዛት ከጃፓን ተነስቶ በባሕረ ሰላጤው በኩል ያለፈ ነው። ሶማሊላንድ በቀኝ መስመር እየነዳች መሪው በቀኝ የሆነ መኪና የምትጠቀመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የናፍታው ጥራትም እንዲሁ ተከፋፍሏል። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ እ.ኤ.አ. ከጥር 2015 ጀምሮ የሰልፈር መጠኑ በአንድ ሚሊዮን ከ50 ክፍል ያልበለጠ ናፍታ ለመጠቀም ተስማምተዋል። ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሱዳን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አይደሉም። ሶማሊያ የተቀላቀለችው በ2024 ነው። የቁም እንስሳት ንግዱ ዋና መስመሮች ደግሞ የሚያልፉት ልክ በዚህ ስንጥቅ ላይ ነው።

ይህ የኛ ቀጣና ብቻ ችግር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከ2015 እስከ 2018 በዓለም ዙሪያ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች እንደተሸጡና 40 በመቶው ወደ አፍሪካ እንደመጣ አስታውቋል። ካጠናቸው 146 አገሮች ሁለት ሦስተኛው ያህሉ ያገለገለ መኪና የሚቆጣጠሩበት ፖሊሲ ደካማ ወይም በጣም ደካማ ነው። ሪፖርቱ የተጻፈው ስለ አየር ብክለትና ስለ አደጋ ነው። ጋራዥ ውስጥ ሲታይ ግን የዚያው ነገር ሌላ ገጽታ ይወጣል፤ መቶ ዓይነት መኪና ያለበት ገበያ ለአንዱም የሚበቃ መለዋወጫ አያከማችም።

የሶማሌ ተራ፣ የናይሮቢው ኪሪንያጋ መንገድና የካምፓላው ኪሴካ ነጋዴ ዕቃ የሚያመጣው ቶሎ ለሚሸጥለት ሞዴል ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ የ4ኤችጂ1 ዕቃ እንደ ልብ ሲገኝ የ4ጄጄ1 ሴንሰር ሊጠፋ ይችላል። እዚያው ሞያሌ ላይ ድንበሩን ተሻግሮ ዕቃው ካለ ደግሞ ለአንዲት ሴንሰር የጉምሩክ ሥርዓትና የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ይነሳል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ወደ 100 ብርና በላይ መውጣቱ ይታወሳል። በዚያ ሰሞን የተሳሳተ ኢንጀክተር ገዝቶ መመለስ ያልቻለ ባለመኪና ኪሳራው ምን ያህል እንደሆነ አይነገረውም።

ናፍታውና «ቆርጦ መጣል»

ከፍ ባለ ደረጃ የተሠራ ሞተር ሰልፈር የበዛበት ናፍታ ሲቀዳለት ቅሬታውን በጭስ ማጣሪያው ያሳያል። ሰልፈር ካታሊስቱን ይገድላል፣ የጥቀርሻ ማጣሪያውን ይደፍናል፣ ጭስ የሚመልሰውን መስመር በአሲድ ይበላል። በበርሜል የተቀመጠ ውኃ የገባበት ናፍታ ደግሞ ኮመን ሬይሉን ራሱን ይጎዳል። በኢንጀክተሩ ውስጥ ያለው ክፍተት የሚለካው በሚሊ ሜትር ሺኛ ስለሆነ ለድሮው ፓምፕ ምንም ያልነበረ ቆሻሻ ለዚህኛው ገዳይ ነው።

የዩሪያው ፈሳሽ 32.5 በመቶ ንጹሕ ዩሪያ፣ ቀሪው ማዕድን የወጣለት ውኃ ነው። ከማዳበሪያ ዩሪያና ከቧንቧ ውኃ አይሠራም፤ መርጫውንም ሆነ ካታሊስቱን ይደፍነዋል። ፈሳሹ ሲያልቅ ወይም ሴንሰሩ ሲሳሳት ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። ዳገት ላይ ሙሉ ጭነት ይዞ ይህ የገጠመው ሾፌር ሞተሩ የታመመ ይመስለዋል፤ የታመመው ግን የጭስ መስመሩ ነው።

ስለዚህ ብዙ ጋራዥ አንድ መፍትሔ ያቀርባል፤ ማጣሪያውን ቆርጦ ቱቦ መበየድ፣ ቫልቩን መድፈን፣ ኮምፒውተሩን ማታለል። መኪናው ለጊዜው ይሄዳል። ባለመኪናውም «ተገላገልኩ» ይላል። ሒሳቡ ግን ቆይቶ ይመጣል። በደንብ ያልተስተካከለ ኮምፒውተር ናፍታ ያበዛል፣ ቱርቦውን ያቃጥላል። የጭስ ምርመራ ባለበት አገር መኪናው ምርመራ አያልፍም። ሲሸጥም ቀጣዩ ገዢ ምን እንደተቆረጠ ስለማያውቅ ዕቃ ሲያዝዝ እንደገና ይሳሳታል። የተቆረጠው ጭስ ደግሞ ከኋላ የሚተነፍሰው አለው፤ ረዳቱና ከኋላ የተጫነው እንስሳ።

አንድ ቀን መቆም ስንት ሰንጋ ነው?

የጉዞ ክብደት ቅናሽ ለአንባቢዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ከ24 ሰዓት በላይ ያለ ውኃና ያለ መኖ የቆየ ከብት ከቁም ክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊያጣ ይችላል። ከፊሉ የሆድ ዕቃ ስለሆነ ሲበላና ሲጠጣ ይመለሳል። ከሥጋው የሄደው ግን ለመመለስ ቀናት ይፈልጋል።

ሃያ ሰንጋ የጫነ መኪና እንበል፤ እያንዳንዱ 300 ኪሎ ቢመዝን ጭነቱ 6000 ኪሎ ነው። 5 በመቶ ሲቀንስ 300 ኪሎ፣ 10 በመቶ ሲቀንስ 600 ኪሎ ይሆናል። ይህም ከሃያው አንዱን ወይም ሁለቱን መንገድ ላይ አውርዶ እንደመሄድ ነው። በሞጆና በቢሾፍቱ አካባቢ ላሉ ኤክስፖርት ቄራዎች በሚዛን ለሚያስረክብ ነጋዴ ይህ ወዲያውኑ የሚታይ ኪሳራ ነው።

የሥጋው ጥራትም አለ። በድካምና በጭንቀት የጡንቻውን ስኳር የጨረሰ ከብት ሲታረድ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎ ይበላሻል። ቀዝቅዞ በአውሮፕላን ወደ ባሕረ ሰላጤው ለሚሄድ ሥጋ ይህ ማለት ውድቅ መሆን ነው። የቁም እንስሳ ለሚልክ ነጋዴ ደግሞ የመርከብ ቀን አለ። በሐጅ ሰሞን ኳራንቲን በሰዓቱ ያልደረሰ መንጋ ገበያው ካለፈ በኋላ ይደርሳል።

እንግዲህ የአንዲት ሴንሰር ዋጋ ከዚህ ጎን ሲቀመጥ ትንሽ ነው። ውድ የሚያደርጋት አለመገኘቷ ነው።

ባለመኪናውና ነጋዴው ምን ያድርጉ?

ሕጉ እስኪስማማ መኪናው አይቆምም። ሳይቃጠል በቅጠል ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች እነሆ፦

1. የመኪናውን ማንነት በስልክ ይያዙ። የመለያ ሰሌዳውን ከነፊት ፊደሎቹ፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሞተር ቁጥሩን፣ በኮምፒውተሩ ሳጥን ላይ ያለውን ጽሑፍና ሊብሬውን ፎቶ አንስተው ለሾፌሩም ለጋራዡም ይላኩ። ሊብሬ ላይ «አይሱዙ» መባሉ ብቻውን ዕቃ አያስገኝም።

2. የወለቀውን ዕቃ ሳያዩ አይዘዙ። በኢንጀክተር፣ በፓምፕና በሴንሰር ላይ የፋብሪካው ቁጥር ተጽፏል። በሞዴል ስም ሳይሆን በዚያ ቁጥር ይዘዙ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሁለት ሰዓት ቁጥር በማረጋገጥ ቢያልፍ ሁለት ቀን ያተርፋል።

3. ለሻጩ አራት ጥያቄ ያቅርቡ። ዕቃው ለየትኛው የሞተር ኮድ ነው? ለየትኛው የጭስ ደረጃ? ኮድ ማስገባት ይፈልጋል? ካልገጠመ ይመለሳል? አራተኛውን በደረሰኝ ላይ ያስጽፉ።

4. መኪና ሲገዙ ጎረቤትዎን ይዩ። በመስመርዎ ላይ ማንም የሌለው አዲስ ሞዴል ሲታይ ያምራል፤ ሲበላሽ ግን ብቻዎን ነዎት። በርስዎ መስመር ያሉ ጋራዦች የሚያውቁት ደረጃ ይሻላል። ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ለመግዛት ከወሰኑ በሚሄዱበት ሁሉ ተስማሚ ናፍታ፣ ተስማሚ ዘይትና ዩሪያ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ። የጥቀርሻ ማጣሪያ ያለው ሞተር አመዱ አነስተኛ የሆነ ዘይት ይፈልጋል።

5. በጋራ ያከማቹ። አንድ ባለመኪና ብቻውን ኢንጀክተርና የግፊት ሴንሰር ገዝቶ ማስቀመጥ ይከብደዋል። አንድ ዓይነት ሞተር ያላቸው ስምንት አሥር ባለመኪኖች ግን በመስመሩ መካከል ባለ ከተማ አንድ ሳጥን ሊያኖሩ ይችላሉ፤ የናፍታ ፊልትሮ፣ የክራንክና የግፊት ሴንሰር፣ ቺንጊያ፣ አንድ ኢንጀክተር፣ አንድ የብልሽት ማንበቢያ መሣሪያ።

6. ውኃ ያጣሩ። የውኃ መለያ ፊልትሮውን በየጠዋቱ ያስለቅቁ። ከጀሪካንና ከበርሜል ከመቅዳት ይቆጠቡ፤ ግድ ከሆነ በጨርቅ ሳይሆን በተገቢ ማጣሪያ ይቅዱ።

7. የእንስሳውን ዕቅድ ከመጫንዎ በፊት ያውጡ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የየብስ ማጓጓዣ መመሪያ ለድንገተኛ አደጋ የተዘጋጀ ዕቅድ እንዲኖር ይጠይቃል። በተግባር ሲታይ ቀላል ነው፤ በመንገዱ ላይ ማውረጃ ያለበት ገበያ የት ነው? ውኃ የት ነው? ተለዋጭ መኪና ማን አለው? ስልኩስ? መኪናው ከቆመ ስንት ሰዓት ጠብቀን ነው የምናዛውረው? ይህን ውሳኔ ለሾፌሩ አስቀድመው ይስጡት። የክብደት ቅናሹን ማን እንደሚሸከምም በማጓጓዣ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ከባለሥልጣናት የሚጠበቀው

ንጹሕ ጭስ ጥሩ ነገር መሆኑ አያከራክርም። ችግሩ ደረጃው ከፍ ማለቱ ሳይሆን መኪናው፣ ናፍታውና መለዋወጫው አብረው አለመምጣታቸው ነው። ዩሮ 5 መኪና አስገብቶ ለዩሮ 2 የሚሆን ናፍታ መሸጥ አየሩንም ባለመኪናውንም አይጠቅምም። ናፍታውን አስቀድሞ ማስተካከል፣ ቀጥሎ የመኪናውን ደረጃ ማሳደግ፣ ከዚያም መካኒኩን ማሠልጠን የተሻለ ቅደም ተከተል ነው። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በ2015 የናፍታውን ሰልፈር በጋራ ዝቅ ማድረጋቸው ስምምነት እንደሚቻል አሳይቷል።

ሌሎች ሁለት ነገሮች ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። አንደኛው፣ የመኪናው የጭስ ደረጃና የሞተር ኮድ በሊብሬ ላይ ግልጽ ሆኖ እንዲጻፍ ማድረግ ነው። ይህ ቢሆን ገዢውም፣ ጋራዡም፣ ዕቃ ሻጩም ከአንድ ወረቀት ያነብባሉ። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 እንደተመረቀው እንደ ሞያሌው የጋራ የድንበር ጣቢያ ባሉ ቦታዎች፣ እንስሳ ጭኖ ለቆመ መኪና የሚሆን ዕቃ በዕለቱ የሚያልፍበት አጭር ሥርዓት ማበጀት ነው። ለሚበላሽ ሸቀጥ ቅድሚያ የሚሰጥ ጉምሩክ፣ ሸቀጡን ለሚያንቀሳቅሰው ኢንጀክተርም ቅድሚያ ቢሰጥ ከዚያው ዓላማ አይወጣም።

የነጋዴና የአጓጓዥ ማኅበራትም ለእነዚህ ጥያቄዎች ማስረጃ ማቅረብ ይችላሉ። የትኛው ዕቃ፣ በየትኛው መስመር፣ ስንት ሰዓት እንዳስቆመና ስንት ኪሎ እንዳስቀነሰ በደብተር መያዝ ይጀመር። «ተቸገርን» ከማለት ይልቅ «ባለፈው ወር በዚህ መስመር ይህን ያህል ሰዓት ቆምን» ማለት በስብሰባ ላይ ይደመጣል። መዝጋቢው ሾፌሩ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስፈልገው ቀን፣ ቦታ፣ የዕቃው ቁጥርና የእንስሳቱ ብዛት ብቻ ነው።